የጓሮ አትክልት በጠባብ ቦታ፤ ከመሐንዲስ ዓይን ሲታይ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ በየዓመቱ የሚቀርቡት ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድና ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው። እኔ ዛሬ የማወሳው ስለ ጎመን፣ ስለ ቆስጣና ስለ ቃሪያ ነውና፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ «ይህ የግብርና ባለሙያ ተግባር እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም» ሳይሉ እንደማይቀሩ እገምታለሁ። በበኩሌ ግን ጉዳዩን ባሰላሰልሁት ቁጥር ወደ እኛው ሙያ እየተመለሰ አስቸግሮኛል። በጠባብ ቦታ አትክልት የሚያለማ የከተማ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የዘር ወይም የማዳበሪያ ጥያቄ አይደለም። ወለሉ ስንት ኪሎ ይሸከማል? ፀሐይ ስንት ሰዓት ይገባል? ውሃው ከየት ይመጣል? ከመጣስ በኋላ በየት በኩል ይወጣል? የሚሉት አራት ጥያቄዎች ናቸው የሚቀድሙት። አራቱም በእኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ መልስ ሊያገኙ የሚገባቸው ነበሩ።

እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የከተማው ነዋሪ እኛ ፈቀድንም አልፈቀድንም በበረንዳውና በጠባቡ ግቢው መትከሉን አይተውም። እኛ አስበን ካዘጋጀንለት በደኅና ይተክላል፤ ካላሰብንበትም በግምት ይተክላል። በግምት የተጫነ ጭነት ደግሞ መጨረሻው ምን እንደሆነ ከዚህ ጉባኤ አባላት የሚሰወር አይደለም።

1. ጓሮው እንዴት ጠበበ?

ጓሮ በአገራችን የቤት አካል እንጂ ትርፍ መሬት ሆኖ አያውቅም። በጉራጌና በሲዳማ ቤቱ የሚቆመው በእንሰቱ መካከል ነው። በሰሜኑም ክፍል ቢሆን ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙና በሶብላው ከቤቱ ኋላ የማይታጣ ነው። የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ሲቆረቆሩ ይህንኑ ልማድ ይዘው የመጡ ሰዎች የሠሩአቸው ናቸው።

የከተማው ቦታ እየተሸነሸነ መሄዱን ከሕግጋቱ ማንበብ ይቻላል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማኅበር ቤቶችና ለግል ግንባታ የሚሰጠው ቦታ እያነሰ መጣ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በአዲስ አበባ ሲጀመር ደግሞ የግል ጓሮ የሚባለው ነገር ጨርሶ ቀረ። ከቀበሌ ቤት ወጥቶ ወደ አራተኛው ፎቅ የወጣው ቤተሰብ መጸዳጃ ቤት፣ የቧንቧ ውሃና መብራት አግኝቷል። ይህም ታላቅ መሻሻል ነውና ልናቃልለው አይገባም። ነገር ግን ጓሮው በታች ቀርቷል።

በእነዚህ ቤቶች እቅድ ላይ ያሰቡ ባለሙያዎች የሕዝቡን አኗኗር ጨርሰው አልዘነጉም። ለበዓል ዕርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት በየግቢው እንዲሠራ ማድረጋቸው ለዚህ ምስክር ነው። ለዕርዱና ለአጠባው ቦታ ተገኝቶለት ሳለ፣ በየዕለቱ ከወጥ ጋር የሚገናኘው የጓሮ ቅጠል ግን ቦታ አላገኘም። ስለዚህም ነዋሪው በራሱ ጊዜ ቦታ ፈለገለት። ዛሬ በየትኛውም የጋራ መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ በበረንዳው ላይ የተደረደሩ የቀለም ባልዲዎች፣ የተቀደዱ ጀሪካኖችና አፈር የተሞሉ ጆንያዎች መታየታቸው የተለመደ ነው።

2. ክብደት

እኔ በምኖርበት ሕንፃ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ቀድሞ ይኖሩበት የነበረው ቤት በመልሶ ማልማት የፈረሰባቸው ናቸው። መሐንዲስ መሆኔን ሰምተው አንድ ቀን በደረጃው ላይ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ ይህ በረንዳ አፈር ይችላል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሰዎች ስለ ሕንፃ ከሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁሉ ይህን ያህል ጥርት ያለ አልገጠመኝም። «በረንዳውን ልየውና ነገ እመልስልዎታለሁ» ብያቸው ሄድሁ። በነገታው የነገርኋቸውን ስሌት ለእናንተም ላቅርብ።

በውሃ የጠገበ ተራ አፈር አንድ ሜትር ኩቡ ወደ 1,800 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ብናነጥፍ 360 ኪሎ ግራም ይሆናል ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ (ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 1) ለመኖሪያ ቤት ወለል በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን፣ ለበረንዳ ደግሞ 4 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 400 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት እንድናሰላ ያዝዝ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «360 ከ400 ያንሳልና ይችላል» የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን በግማሹ ብቻ ነው ያየው። ኮዱ ያንን 400 ኪሎ የመደበው ለሰዎች፣ ለእንግዳ፣ ለወንበርና ለልዩ ልዩ ዕቃ ነው። አፈሩ ሌሊትና ቀን የማይነሣ ቋሚ ጭነት ሲሆን፣ ሰዎቹ ደግሞ በበዓል ቀን ከአፈሩ በተጨማሪ ይመጣሉ። በዚህም ላይ ያ በረንዳ በተግባር እንዴት እንደ ተገነባ፣ ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደ ጠነከረ፣ ፌሮው በቦታው እንደ ተቀመጠ ከውጭ የሚያይ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የአትክልቱ ጭነት በበረንዳው ስፋት ሲካፈል በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ ግራም ባይበልጥ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። ይህም ከተፈቀደው አንድ አራተኛው መሆኑ ነው።

ታዲያ በዚህ ወሰን ውስጥ ምን ያህል መትከል ይቻላል? ስፋቱ 1.2 በ3 ሜትር የሆነ በረንዳ እንውሰድ። ጠቅላላው 3.6 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ላይ 1.5 ካሬ ሜትር የሚሆን መደብ በሣጥንና በመደርደሪያ ማሰናዳት ይቻላል። በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ስናሰላው 0.3 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። በተራ አፈር ከሆነ 540 ኪሎ ግራም፣ በበረንዳው ስፋት ሲካፈል በካሬ ሜትር 150 ኪሎ መሆኑ ነውና ከወሰኑ ያልፋል። አፈሩን ከሁለት ነገሮች ጋር እኩል በእኩል ብንቀላቅለው፣ ማለትም አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደቃቅ ፑሚስ ብናደርገው ግን፣ እርጥቡ ድብልቅ ወደ 1,200 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል። 0.3 ሜትር ኩቡ 360 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲካፈልም ልክ 100 ኪሎ ላይ ያርፋል። ፑሚሱ ብሎኬት ከሚያመርቱ ሰዎች ዘንድ የምናገኘው ያው የምናውቀው ቀላል ድንጋይ ነው። ክብደት መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ውሃ አቁሮ ቀስ በቀስ ለሥሩ መስጠቱና አየር ማስገባቱ ለተክሉም ይስማማዋል። ስሌቱን ለማይከታተል ሰው የሚበቃ መለኪያ አለ። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በድብልቁ ሞልቶ፣ ውሃ አጠጥቶና አንጠፍጥፎ መመዘን ነው። ከ24 ወይም ከ25 ኪሎ ካለፈ ድብልቁ ገና ከባድ ነው።

ከክብደቱ ብዛት ይልቅ የሚያሳስበው የክብደቱ ቦታ ነው። ከሕንፃው ወጣ ብሎ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ በረንዳ ካንቲሊቨር ነው። አንድ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን በተራ አፈር ተሞልቶ ውሃ ሲጠጣ 72 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሣጥን ከግድግዳው 1.1 ሜትር ርቆ በመከለያው ብረት ሥር ብናስቀምጠው፣ በግድግዳው ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ብናስቀምጠው ከሚያመጣው ሞመንት ሰባት እጥፍ ይበልጣል። ሰዎች ግን ፀሐዩን ፍለጋ ሁልጊዜ የሚደረድሩት በጠርዙ ላይ ነው። ከዚያም አልፎ ከመከለያው ውጭ አንጠልጥለው የሚያስሩ አሉ። በታች የሚጫወቱ ልጆች መኖራቸውን ማሰብ ይገባል።

ለእኒያ እናት የሰጠሁት መልስም ይኸው ነበር። «ይችላል፤ ነገር ግን አፈሩን ያቅልሉት፣ ከግድግዳው ያስጠጉት፣ ከመከለያው ውጭም ምንም አያንጠልጥሉ» አልኋቸው።

3. ብርሃን

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ መገኘቷን ሁላችን እናውቃለን፤ ይህ ለበረንዳ አትክልት ያለውን ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ፀሐይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ ልክ በአናታችን ላይ ትውላለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ታልፍና በነሐሴ አራተኛ ሳምንት እንደገና በአናታችን አልፋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ የእኩለ ቀን ፀሐይ የሚያገኘው በእነዚህ አራት ወር ተኩል ብቻ ነው። አብዛኛው የዚህ ጊዜ ደግሞ ደመና ነው። ወደ ደቡብ የሚያየው በረንዳ ግን በጋውን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል።

የላይኛው ፎቅ በረንዳ የሚጥለውን ጥላም ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። በሁለቱ በረንዳዎች መካከል ያለው ከፍታ 2.7 ሜትር፣ ጥልቀታቸው 1.2 ሜትር ይሁን። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ ብርሃኑ ወለሉን ሁሉ ሸፍኖ በግድግዳው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይወጣል። በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ ግን ፀሐይዋ 81 ዲግሪ ላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ በወለሉ ላይ ብርሃን የሚያገኘው ከጠርዙ 43 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መከለያው ድፍን ግንብ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ክፍል በጥላ ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ የምንማረው፣ ክብደቱ ወደ ግድግዳው ሲስብ ብርሃኑ ወደ ጠርዙ እንደሚስብ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው መደርደሪያ ነው። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ እንደ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ ቀላል የብረት ወይም የእንጨት መደርደሪያ ተክሉን ከመከለያው ጥላ በላይ ያወጣዋል፤ ክብደቱንም በግድግዳው ሥር ያቆየዋል። ለቅጠላ ቅጠል አራት ወይም አምስት ሰዓት ፀሐይ ይበቃል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ያለው ሰው ቆስጣና ሰላጣ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ያለው ደግሞ በበጋ ቲማቲም ቢተክል ያዋጣዋል። ወደ ሰሜን የሚያየውም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ሰላጣ፣ ድንብላልና ጎመን የሰማዩን ብርሃን ብቻ ይዘው ቀስ እያሉም ቢሆን ያድጋሉ።

4. ውሃ

በአዲስ አበባ የአየር ጠባይ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በደረቅ ቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 1.5 ካሬ ሜትር ያለው በረንዳ ከ6 እስከ 7.5 ሊትር ብቻ ይበቃዋል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም ቢባል፣ ከወጥ ቤቱ የሚደፋውን ውሃ እንመልከት። ምስርና ሩዝ የታጠበበት፣ ጎመንና ድንች የተለቀለቀበት ውሃ ከዚህ የሚያንስበት ቤት ጥቂት ነው። ሳሙና፣ ጨውና ዘይት እስካልገባበት ድረስ ይህ ውሃ ለአትክልት የተስማማ ነው።

ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ጣራውን ሊጠቀምበት ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ፣ የሚባክነውን አምስተኛውን ትተን ብናሰላ፣ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰጣል። በአዲስ አበባ የሐምሌ ወር ዝናብ ብቻ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በሐምሌ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ነሐሴ ገና ሳይገባ። አሁን የበጋውን ፍጆታ እንመልከት። 200 ደረቅ ቀን፣ በካሬ ሜትር 4 ሊትር ቢሆን፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 800 ሊትር ይፈለጋል። ስለዚህ አንድ ሮቶ 6 ካሬ ሜትር መደብ ከክረምት እስከ ክረምት ያሻግራል። አሸንዳ፣ ቱቦና የመጀመሪያውን ቆሻሻ ዝናብ የሚያስወግድ መዝጊያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሮቶው ሲሞላ 5 ቶን ስለሚመዝን፣ የሚቀመጠው በተጠቀጠቀ መሬት ላይ በተሠራ መሠረት መሆን አለበት እንጂ በአሮጌ ጣራ ላይ ሊሆን አይገባም።

5. የሚወጣው ውሃ

በሕንፃ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው የገባው ውሃ ሳይሆን መውጫ ያጣው ውሃ ነው። ከአበባ ዕቃ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ሁለት ጣጣ ያመጣል። አንደኛው ከታች ካለው ጎረቤት ጋር የሚፈጠረው ቅያሜ ነው። የታጠበ ልብስ ላይ የወረደ የአፈር ውሃ ስንት ኮሚቴ እንዳሰበሰበ የጋራ ሕንፃ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ዝም ብሎ የሚሠራው ጉዳት ነው። በካንቲሊቨር በረንዳ ላይ ዋናው ፌሮ የሚገኘው በላይኛው ገጽ፣ በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። ስንጥቅ ቢፈጠርም መጀመሪያ የሚፈጠረው በዚያው ነው። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሣጥን በዚህ መስመር ላይ በቀጥታ ተቀምጦ ከሰነበተ፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ የሚያዝገው በረንዳው የተንጠለጠለበትን ብረት ነው።

ከግድግዳው አስጠጉ ብዬ ከዚህ ቀደም መናገሬ ከዚህ ጋር የሚጣረስ አይደለም። ሣጥኑ በወለሉ ላይ ሳይሆን በእግር በቆመ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ በሥሩም ውሃ የሚቀበል ሳህን ይኑረው፤ የተጠራቀመውም ተመልሶ ለተክሉ ይሰጥ። ወለሉ ከሥር እየተናፈሰ ይደርቃል፤ ስንጥቅም ቢኖር ለዓይን ይታያል።

በግቢ ለሚተክሉም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ብዙው መሬት ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በቤቱ ግድግዳ ሥር መደብ አውጥቶ በበጋ ሁሉ ውሃ የሚያጠጣ ሰው፣ በአንድ ወገን ያለውን መሠረት እያነሣ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ተሰንጥቆ ባለሙያ ሲጠራ፣ ምክንያቱ ከግድግዳው ውጭ ያለው የቆስጣ መደብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ባለ መሬት መደቡ ከመሠረቱ ቢያንስ ሁለት ሜትር ቢርቅ፣ ቦታ ከሌለም ከሥሩ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

6. ስለ ተክሎቹ በአጭሩ

ይህ ክፍል የግብርና ባለሙያዎች ድርሻ ነውና አላስረዝመውም። ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ካሮት 30 ያህል ይሻሉ። እንጆሪ በተንጠለጠለ ዕቃ ውስጥ እንኳ ያፈራል። ኮክና ሎሚ ግን ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ስለሚፈልጉ ቦታቸው መሬት እንጂ በረንዳ አይደለም። አቮካዶ በጠባብ ግቢ መትከል ለልጅ ልጅ ጠብን ማውረስ ነው፤ ሥሩ ከአጥርም ከቧንቧም ጋር አይስማማም።

በረንዳ ከሜዳ የሚሻልበት ነገር መኖሩም መታወቅ አለበት። በክረምት ቲማቲምን የሚያጠቁረው በሽታ የሚዛመተው ቅጠሉ ሲረጥብ ነውና፣ ጣራ ያለው በረንዳ ተክሉን ይጠብቀዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ሜዳ ላይ ያለውን ያህል አይበረታበትም። ክሽክሽ ሲወጣ ደግሞ በለዘብተኛ የሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ለማዳበሪያም ቢሆን፣ የአትክልት ልጣጭና በየቀኑ የምንደፋው የቡና አተላ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ሲብላላ ከገበያ የሚገዛውን ያህል ያገለግላል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ወይም አሮጌ ቀለም የተቀባ ጣውላ ግን ለሚበላ ነገር መትከያ መሆን አይገባውም።

7. ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

ነገሩን ከልኩ በላይ ማጋነን ለማንም አይበጅም። አንድ ተኩል ካሬ ሜትር ቤተሰብ አይቀልብም። አራት ነፍስ ባለበት በእኔ ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚበቃ ጎመን ወይም ቆስጣ፣ የማይቋረጥ በሶብላ፣ ድንብላልና የጥብስ ቅጠል ይገኝበታል። በብር ሲተመን ትንሽ ነው።

በሌላ ሚዛን ግን ትንሽ አይደለም። ለከተማችን ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር የሚለማ ነው። እነዚህ ወንዞች የፋብሪካውንም የመኖሪያ ቤቱንም ፍሳሽ የሚሸከሙ ናቸው። በየጊዜው የተደረጉ ጥናቶች በውሃው፣ በአፈሩና በቅጠሉ ውስጥ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል። እነዚህ ደግሞ እንደ ጀርም በመታጠብ ወይም በመቀቀል የሚለቁ አይደሉም። ገበሬው ሌላ ውሃ ስለሌለው ነውና በእርሱ ላይ መፍረድ አይገባም። ወንዙን ያበላሸው እርሱ አይደለም። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ሲሉ፣ ጎመኑ ራሱ ጤና የሚጎድለው ዘመን ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር። ወንዙ እስኪጠራ ድረስ፣ ለልጆች የሚሆነውን ጥቂት ቅጠል ውሃውንና አፈሩን በምናውቀው መደብ ላይ ማብቀል ታላቅ ቁም ነገር ነው።

ጠባብ ቦታን ለአትክልት በብልሃት ማዋልም በሌላ አገር የተሞከረ ነገር ነው። ኩባ የሶቪየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ በኋላ ነዳጅና ማዳበሪያ ባጠራት ጊዜ፣ የሐቫና ነዋሪዎች ባዶ ቦታዎችን ለአትክልት አዋሉ። መሬቱ ለእርሻ በማይሆንበት ስፍራም ዝቅተኛ ግንብ እየሠሩ በኮምፖስት የዳበረ አፈር በመሙላት አልምተውበታል። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ስለ ከተማ ግብርና ብዙ ተነግሯል። ማበረታታቱ መልካም ነው። የጎደለው ግን «ወለሉ ስንት ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ነው።

8. ከእኛ የሚጠበቀው

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. የመኖሪያ ሕንፃ ስንነድፍ ለበረንዳው ቋሚ የአትክልት ጭነት አስበን እናስላ። የተፈቀደውንም የክብደት ልክ ነዋሪው ሊያነበው በሚችል አማርኛ ከቤቱ ቁልፍ ጋር እንዲሰጠው እናድርግ።

2ኛ. ለእያንዳንዱ በረንዳ የወለል ማፍሰሻና፣ ቢቻል አንድ የውሃ ቧንቧ እንስጠው። የወለሉ ተዳፋት ከግድግዳው ወደ ማፍሰሻው ይሁን፤ ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍም በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ይጠፍ።

3ኛ. ሕንፃውን በቦታው ላይ ስናስቀምጥ የትኛው በረንዳ ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ እንመልከት። በ9ኛው ዲግሪ ላይ ይህን ማስላት የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነው።

4ኛ. በጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ከሕንፃው መሠረት ርቆ፣ የጣራ ውሃ የሚደርሰው የጋራ የአትክልት ቦታ በእቅዱ ላይ ይመልከት። ለመኪና ማቆሚያ መስመር የምናሰምረውን ያህል ለመደብም እናስምርለት።

5ኛ. ቀደም ብለው በተሠሩት ሕንፃዎች ውስጥ የምንኖር ባለሙያዎች፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሲሰበሰብ አትክልቱን በጅምላ ከመከልከል ይልቅ በረንዳዎቹን ተዘዋውረን እንይላቸው። የተሰነጠቀ ካለ አስወግዱ፣ ደኅና ከሆነም ይህን ያህል ቻሉ እንበላቸው። ለዚህ አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከእነዚህ አምስቱ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ፣ አዲስ መመሪያ እስኪወጣ የሚጠበቅ ወይም የቤቱን ዋጋ በብዙ የሚያንር አንድም የለም። የሚጠይቁት ቤቱን በምንስልበት ሰዓት፣ በዚያ ቤት የሚኖረው ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን ሊያደርግ እንደሚወድ ለአንድ አፍታ ማሰብን ነው። ሕዝባችን ወደ ላይ እየወጣ እንዲኖር ያደረግነው እኛ ነን፤ ከምድር ጋር ያለውን ግንኙነት ባይቆርጥ ደግሞ የሚጎዳ ነገር የለውም። እኛም ሸክሙን በልኩ አስልተን እንስጠው።